ከጨዋታው በፊት ያየኋቸው ጉልበቶች

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። እጄ አርፏል፤ ዓይኔ ግን ጡረታውን አልቀበልም ብሏል። ባለፈው ማክሰኞ በከተማችን በአርባ ምንጭ ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሴቻ በባጃጅ ስወጣ፣ የደብተር ቦርሳ ያነገተች ልጅ በመንገዱ ዳር ስትሄድ አየሁ። በግራ እግሯ በቆመች ቁጥር ዳሌዋ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል።

«አቁም! አቁም!» አልኩ።

ሹፌሩ ዕቃ የጣልኩ መስሎት ደንግጦ ቆመ። ወርጄ ልጅቷ ፊት ተገተርኩ።

«የኔ ልጅ፣ ስፖርት ትሠሪያለሽ?»

«እሮጣለሁ» አለች ፈራ ተባ እያለች።

«ስትሮጪ የግራ ጉልበትሽን በውጭ በኩል አያምሽም?»

ዓይኗ ፈጠጠ። «እርስዎ በምን አወቁ?»

እዚያው መንገድ ዳር ዳሌ የሚያጠነክር አንድ እንቅስቃሴ አሳየኋት፤ ለስፖርት መምህሯ የምትነግረውንም በቃሏ አስጠናኋት። ስመለስ ሹፌሩ በመስታወቱ አተኩሮ እያየኝ ነበር።

«ማዘር፣ ጠንቋይ ነዎት እንዴ?»

«ወጌሻ ነኝ» አልኩት።

ይቺን ቃል ስናገር ዛሬም ደረቴ ይሞላል! በመዝገብ ላይ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበርኩ። ተማሪዎቹ ሲስተር አስቴር ይሉኛል። ለጋሞ አገር ሰው ግን ውልቃት የሚያስገባ፣ ወለምታ የሚያሽ፣ የተጫዋች ጉልበት ይዞ ሜዳ ዳር የሚቀመጥ ሁሉ ወጌሻ ነው፤ እኔም ከዚህ የበለጠ ማዕረግ አልፈልግም። የሥራ ዘመኔን ከዳር እስከ ዳር ላወራው ብል አያልቅም፤ ስለዚህ ያስደሰተኝንና ያስለቀሰኝን ብቻ ልንገራችሁ።

ሥራ የጀመርኩት ደጋው ላይ፣ ገረሴ በምትባል ከተማ፣ በጤና ረዳትነት ነው። ብርዱ አጥንት ይበሳል። በገበያ ቀን ሸክም የያዘ ሰው በጭቃው ቁልቁለት እየተንሸራተተ ይወድቃል፤ እኔ ቁስሉን አጥቤ አስራለሁ፣ የወለቀውን ትከሻ ግን ሰዉ ተሸክሞ ወደ አንዲት አሮጊት ወጌሻ ቤት ይወስዳል። አንድ ቀን ተከትዬ ሄድኩ። አሮጊቷ ቅቤ ቀብታ፣ ሰውየውን ስለ ገብሱ እያስወራች፣ መልሱን ሳይጨርስ ትከሻውን ወደ ቦታው መለሰችው። ሰውየው ራሱ ግራ ገብቶት እጁን ሲያወዛውዝ ባየሁ ጊዜ፣ «በቃ፣ ይህን ሳልማር አልሞትም» አልኩ። ወደ ቤቴ የሮጥኩ ይመስለኛል።

ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። በስንት ደጅ ጥናት የፊዚዮቴራፒ ሥልጠና ተላክሁና አርባ ምንጭ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ተመደብኩ። እዚያ ነው ጋሽ ዶላን ያገኘሁት።

ጋሽ ዶላ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። አባታቸው በደጋው የታወቁ ወጌሻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በዘመናዊው ትምህርት ላይ የአባታቸውን እጅ ጨምረውበት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በመስኮት በኩል ቆመው ወደ ውጭ ሲያዩ አገኘኋቸው። ሰው የሚጠብቁ መሰለኝ።

«ማንን ነው የሚያዩት ጋሼ?»

«ሕሙማኑን ነዋ። ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ አካሄዱን ያሳምራል። እውነተኛው አካሄዱ ከበሩ እስከዚህ ድረስ ነው።»

እንዲህ ነበሩ። በሽተኛው ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን ያስወልቁና ይገለብጡታል። ሶሉ በየት በኩል እንዳለቀ በጣታቸው ይዳስሱታል። ከዚያ ከበሽተኛው ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከላይ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው እውነት አይነገረውም ይላሉ። ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «የት? መቼ? ምን ስትሠራ?» መልሱን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። እጃቸውን በፔርሙዝ ይዘውት በመጡት ሙቅ ውኃ ታጥበው ሳያሞቁ ማንንም አይነኩም። በአርባ ምንጭ ሙቀት እንኳ!

«ቀዝቃዛ እጅ ሲነካው ጡንቻ ይደነግጣል» ይሉኝ ነበር፤ «የደነገጠ ጡንቻ ደግሞ ይዋሻል።»

ለጥቂት ዓመታት ከሥራቸው ሳልጠፋ ተማርኩ። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነበር፤ ስለሱ የማወራው የለኝም። በኋላ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲመጣ፣ ከቡድኖች ጋር የሚሄድ ባለሙያ ሲፈለግ እኔ ተላክሁ። በረዶ፣ ፋሻና ቅባት ይዤ ሜዳ ዳር ተቀመጥኩ። ጨዋታው ሲያልቅ ወለምታውን እጠቀልላለሁ፣ የተቆረጠ ቋንጃ ይዘው የሚያለቅሱትን አባብላለሁ። ሥራው ይኸው መሰለኝ፤ እስኪጎዱ መጠበቅ።

ከዚያ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ወደ ከተማችን መጥቶ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጠን። ሙያው ካይሮፕራክቲክ ይባላል፤ አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ ብቻ የማስተካከል ጥበብ ነው። የገረመኝ ግን ሰውየው ከውድድር በፊት ተማሪዎችን ስለማየት መናገሩ ነበር። «ተጎድቶ ከሚመጣ ልጅ ይልቅ ሳይጎዳ የምታገኙት ልጅ ይበልጣል» አለን። ይህ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት አበራ! አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጠን፤ ወገቡን የሚያመው ታዳጊ ከመጣ፣ አጥንቱ አለመሰንጠቁ ሳይረጋገጥ አከርካሪውን እንዳንነካ። በደብተሬ ጻፍኩት፤ በቀይ እስክሪብቶም አሰመርኩበት።

ከዚያ ተራ መያዝ ተጀመረ። ከውድድር በፊት በነበሩት ሳምንታት ተማሪዎች ወደ እኔ ይጎርፉ ጀመር። ወገባቸውን አዙሬ ጫን ስል «ቋ!» ይላል፤ ጓደኞቻቸው በሳቅ ይፈርሳሉ።

«ሲስተር፣ እኔንም ቋ አድርጉኝ!»

ድምፁ ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለ አየር ነው እንጂ የወጣ አጥንት የገባበት አይደለም። ቢሆንም ድምፁ ደስ ይል ነበር። መከበሩም ደስ ይል ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ዶላ ከበሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩኝና ልጆቹ ሲወጡ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤

«አስቴር፣ ድምፁ ለማን ነው?»

«እንዴት ለማን?»

«ለእነሱ ነው ወይስ ለአንቺ?»

ከፋኝ። ቀኑብኝ ብዬ አሰብኩ፤ እንዲህ ያለውን ሰው! ለአንድ ሳምንት ያህል በደንብ አላናገርኳቸውም።

በዚያው ወቅት ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ላለ የመረብ ኳስ ቡድን ሄድኩ። ታሪኳ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቁመቷ ከመረቡ በላይ የወጣ፣ ስትመታ ኳሱ መሬት የሚሰነጥቅ የሚመስል። በዚያ ዓመት ተጫዋች መራጮች ይመጣሉ ተብሎ ስለነበር መምህሮቿ ሁሉ ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር። ተራዋ ሲደርስ፣ «ወገቤን ትንሽ ይይዘኛል» አለችኝ። ከኋላዋ አሥራ አምስት ልጅ ተሰልፏል። አስተኛኋት፣ አዞርኳት፣ «ቋ!» አለ።

«ሲስተር፣ ቀለለኝ!» ብላ ዘላ ተነሣች። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«በይ ተጫወቺ» አልኳት።

በአራተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ዙር ላይ፣ ታሪኳ ለመምታት ወደ ላይ ተነሣች። ወገቧ ወደ ኋላ እንደ ቀስት ተለጠጠ። ከዚያ እጇ ኳሱን ሳይነካ፣ ከገመድ ላይ እንደ ወደቀ ጨርቅ መሬት ላይ ተዘረጋች። ስደርስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «እግሬ አለ? እግሬ አለ?» ትላለች። እግሯን ነካሁት፤ ተሰማት፤ አንቀሳቀሰችው። ያን ጊዜ ትንፋሼ ተመለሰ፤ ነፍሴ ግን አልተመለሰችም።

በምርመራ ከታችኛው የወገብ አጥንቷ አንዱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሐኪሙ፣ ስንጥቁ ወራት ያስቆጠረ፣ ወገብን ደጋግሞ ወደ ኋላ በመለጠጥ የመጣ መሆኑን ነገረኝ። እጄ አልሰነጠቀውም ይሆናል። እጄ አባብሶት ይሁን አይሁን ግን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። «ተጫወቺ» ያልኩት ግን እኔ ነኝ። በደብተሬ ያለው ቀይ መስመር እስከ ዛሬ አለ።

ለጋሽ ዶላ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ!

«ሲያማት ስትጎነበስ ነበር ወይስ ወደ ኋላ ስትለጠጥ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

«አልጠየቅኳትም።»

ከዚያ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። «እንግዲያው ሄደን እንጠይቃት» አሉ።

ምዕራብ ዓባያ በሙዝ ማሳ መካከል ያለው የእነ ታሪኳ ቤት ስንደርስ ልጅቷ በአልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ጋሽ ዶላ በርጩማ ጠይቀው ከአልጋው ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«የት ነበር የሚያምሽ ልጄ?»

በጣቷ አሳየች።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ከትምህርት መከፈት በኋላ።»

«ምን ስትሠሪ?»

«ኳስ ስመታ ብቻ ነው። ስለጠጥ። ሌላ ጊዜ ምንም አይለኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ቂም በሌለው ድምፅ፣ «ማንም አልጠየቀኝም እኮ» አለች።

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አባቷ አቶ ሳና፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ገበሬ፣ እስኪያባራልኝ ጠበቁኝ።

«እኔ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። «እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ። ነገር ግን አልቅሰሽ እንዳትሄጂ። በሌላ ሰው ልጅ ላይ እንዳይደገም ምን እንደምታደርጊ ነግረሽኝ ሂጂ።»

ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ቢሆንም አፌን ከፍቼ ቃል ገባሁ፤ «ከውድድር በፊት እያንዳንዱን ልጅ ሳልቸኩል አያለሁ፤ ሳልጠይቅ አልነካም» አልኳቸው። ታሪኳ ከብዙ ወራት በኋላ ተነሥታ ሄደች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት፣ ስንገናኝም አቅፋ ትስመኛለች። ወደ መረብ ኳስ ሜዳ ግን ተመልሳ አልሄደችም። ይህን የሚያካክስ ነገር በሕይወቴ አልሠራሁም፤ ሠራሁ ብዬም አልዋሽም።

ቃሌን ለመጠበቅ መጀመሪያ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ የነበሩት የሆስፒታሉ ኃላፊ ወረቀት ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰው ነበሩ፤ የእኔን ግን አነበቡት።

«የታመመ ሞልቶ ተርፎ፣ አንቺ ጤነኛ ልመርምር ትያለሽ? ጤነኛ ሰው ከባለሙያ ዘንድ ምን ይሠራል?»

«እንዳይታመም ነዋ።»

ሳቁ፤ ግን ቅዳሜዬን ፈቀዱልኝ። ቅዳሜ ለነገሩ የራሴ ነበር!

የመጀመሪያዋ የፍተሻ ቀን! ትዝ ስትለኝ እንደ ልጅ ያደርገኛል። አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ዳር፣ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ያለን መሣሪያ ጠመኔ፣ አግዳሚ ወንበርና ገመድ ነበር። በማለዳ ስደርስ ጋሽ ዶላ ቀድመውኝ ፔርሙዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ማንም አልጠራቸውም።

ልጆቹን በባዶ እግር በጠመኔ መስመር ላይ አስኬድናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ እግር አስቆምናቸው። በአንድ እግር ቁጢጥ እንዲሉ አደረግን፤ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ የሚከዳቸውን ለየን። ወገብን ወደ ኋላ አስለጠጥን፤ ፊቱን ያጨማደደ ሁሉ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሄዳል፣ «ቋ» የሚባል ነገር የለም! ለሴቶቹ ደግሞ ለብቻቸው፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ለወንድ መምህር የማይነገረውን ጠየቅኳቸው። ቁርስ ትበያለሽ? የወር አበባሽ ቀርቶብሻል? ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጅ አጥንቷ እንደሚሳሳ የተረዳሁት እነዚያ ልጆች ሲመልሱልኝ ነው። የደነደነ መገጣጠሚያ ያለበትን በእጄ አላላሁ፤ ግን ይህ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ክፍል ነበር። የቀረው ማየት፣ መጠየቅና የደከመውን ማጠንከር ነው።

በመጨረሻ ልጆቹ ከወንበሩ ላይ ወደ መሬት ይዘላሉ። ጋሽ ዶላ ያን ጊዜ ያደረጉትን አልረሳም። በርጩማቸውን አዙረው ለልጆቹ ጀርባቸውን ሰጡ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሊያዩ ነው?»

«እየሰማሁ ነው።»

ጧ! አንዱ ዘለለ። «ይሄ በተረከዙ ነው የሚያርፈው፤ ምቱን ወገቡ ይቀበላል» አሉ። ጠ-ጧ! ሌላዋ ዘለለች። «ይቺ ቀኟን አታምነውም፤ ግራዋን ታስቀድማለች።» ልጅቷን ጠየቅኳት፤ አምና የቀኝ ቁርጭምጭሚቷን ተጎድታ ነበር! ልጆቹ ጮኹ፤ እኔም ከእነሱ ብሼ ጮኽኩ።

ጋሽ ዶላ ከአራት የውድድር ወቅቶች በኋላ አረፉ። እስከ መጨረሻዋ ቅዳሜ ድረስ አልቀሩም። ከእሳቸው በኋላ ጀርባዬን ሰጥቼ መስማትን ለብቻዬ ተለማመድኩ፤ ዓመታት ፈጀብኝ። ፍተሻው ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ተዛመተ። የስፖርት መምህራንን አሠለጠንኩ። አንድም ልጅ አይጎዳም ብዬ አልምልም፤ ጣት ይሰበራል፣ ሰው ከሰው ይጋጫል። ግን ሜዳ ዳር የምይዘው በረዶ ሳይነካ የሚቀልጥባቸው ቀኖች እየበዙ መጡ። በረዶ ሲቀልጥ በደስታ የምታይ ሴት ካያችሁ፣ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ መጨረሻው ወቅቴ ልምጣ፤ እስካሁን ሳወራ የቸኮልኩት ለዚህ ነው!

ጡረታ ልወጣ ዓመት ሲቀረኝ፣ በሲቀላ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ለፍተሻ መጣ። አሰልጣኙ ማቴዎስ ነው፤ ጮኾ የሚያወራ፣ ልቡ ግን ቅቤ የሆነ ወጣት። አጥቂዋ ኢክራም ትባላለች። አባቷ ሐጂ ከድር በሲቀላ የጅምላ መደብር ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ልጅቷ ስትሮጥ ነፋስ ናት። ከወንበሩ ላይ ስትዘል ግን ጧ! አለ፤ ዞር ብዬ እንደገና አዘለልኳት። ሁለቱም ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ተሰባስበው ሊሳሳሙ ደረሱ፤ በተለይ የቀኙ። እንዲህ የሚያርፍ ጉልበት ነው አንድ ቀን በውስጡ ያለውን መስቀለኛ ጅማት የሚበጥሰው። ያ ጅማት ከተበጠሰ ደግሞ የልጅቷ ኳስ እዚያው ያበቃል።

ፊቴን አይታ ገባት። እጄን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ! ጉልበትሽ ከተነካ ኳሱ አበቃ ብሎኛል። በስንት ልመና ነው የፈቀደልኝ።»

ፈተና ነበር። ልጅቷን ወደድኳት። ግን ሳልጠይቅ በችኮላ ያሳለፍኳት አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ሁለተኛ አልጨምርም። በዚያው ቀን ከሰዓት ኢክራምን ይዤ መደብሩ ሄድኩ። ሐጂ ከድር ከዱቄት ጆንያዎች መካከል ወንበር አወጡልን። የልጃቸውን ጉልበት፣ አወራረዷን፣ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። ኢክራም መሬት መሬት ታያለች።

«ተጎድታለች?»

«አልተጎዳችም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የመጡበት?»

«ሳትጎዳ ልድረስላት ብዬ ነው። ስምንት ሳምንት ይስጡኝ። እስከዚያ ግጥሚያ አትጫወትም፤ ልምምድ ብቻ። ካልተስተካከለች እኔው ራሴ አትጫወት እላለሁ።»

ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነዋ!» አሉ። «ውሰዷት።»

ኢክራም አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ማቴዎስ ግን ራሱን ያዘ።

«ሲስተር፣ ያለ ኢክራም ማን ያገባልኛል? ደግሞ ይሄ ዝላይ ምንድን ነው? ተጫዋች ነው ወይስ ድመት የምናሠለጥነው?»

«ድመት ጉልበቷን በጥሳ አይተህ ታውቃለህ?»

እያጉረመረመ ልጆቹን ሊጠራ ሄደ።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከልምምድ በፊት፣ ኢክራምን ብቻ ሳይሆን ቡድኑን በሙሉ ያዝኳቸው። ተንበርክከው፣ ጓደኛቸው ቁርጭምጭሚታቸውን ይዛ፣ ቀስ ብለው ወደ ፊት ይወድቃሉ፤ ቋንጃቸው እሳት ይሆናል። በአንድ እግር ቆመው ኳስ ይቀባበላሉ። ከወንበር ይዘላሉ፤ «ጉልበት ከጣት በላይ! ድምፅ የለም!» እያልኩ እጮኻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ይስቁብኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እርስ በርሳቸው መተራረም ጀመሩ። ማቴዎስም ሰው እያየው መሆኑን ሳያውቅ፣ ከወንበሩ ላይ ብቻውን ሲዘል ያዝኩት።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን እንደ ልማዴ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«ኢክራም፣ ዝለዪ!»

ዝም።

«ዝለዪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ዘለልኩ እኮ ሲስተር!»

ዞር ስል መሬት ላይ፣ ሁለት ጉልበቶቿን አጥፋ፣ ጥርሷን ፈልቅቃ ቆማለች። አልሰማኋትም! ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፤ ልጆቹ ከበቧት፤ እኔ ከበርጩማዬ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

ስምንተኛው ሳምንት ሲያልቅ ለሐጂ ከድር «ትጫወት» አልኳቸው። ቃሉን ስናገር ምላሴ ከበደኝ። ያን ቃል ከዚህ በፊት በቀላሉ ብዬው አውቃለሁና።

ቡድኑ እስከ ፍጻሜ ደረሰ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ዋንጫውን አልበላንም። አንድ ለአንድ ተለያይተን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፍን፤ ማቴዎስ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ግን ስለ ዋንጫው አይደለም የማወራው። ከዕረፍት በኋላ ስለ መጣችው አንዲት የማዕዘን ምት ነው።

ከሐጂ ከድር አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። ኳሱ ከማዕዘን ተሻገረ። ኢክራም ከሁሉም በላይ ተነሣች። በዚያው ቅጽበት የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ በአየር ላይ በትከሻዋ ገፋቻት። ኢክራም ተጣመመች። ሰውነቷ ወደ አንድ ጎን ዞሮ፣ በቀኝ እግሯ ብቻ፣ በዚያችው በፈራኋት ጉልበት ወደ መሬት መጣች። ሐጂ ከድር ክንዴን ጨበጡኝ። የታሪኳ ፊት በዓይኔ መጣ።

እግሯ መሬት ነካ። ጉልበቷ ታጠፈ፤ ከጣቶቿ በላይ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ሳይከዳ። ዳሌዋ ወረደ፣ ያዘ። ግራ እግሯ ደረሰ። ሁለት እርምጃ ተንገዳገደችና ኳሱን ተከትላ ሮጠች። ኳሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ተመልካቹ «አይይ!» ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ብቻዬን ቆሜ እየጮኽኩ ነበር። ነጠላዬ መሬት ላይ ወድቋል። እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ እዘላለሁ፤ በስልሳ ዓመቴ!

ማቴዎስ ከመስመሩ ዳር ዞር ብሎ፣ «ሲስተር፣ ምን ሆኑ? ጎል እኮ አይደለም!» አለኝ።

ሐጂ ከድርም ደንግጠው ተነሡ፤ ዓይናቸው ሜዳው ላይ ልጃቸውን ይፈልጋል። «ምንድን ነው? ኢክራም ምን ሆነች?»

«ምንም!» አልኳቸው፣ እንባዬ እየወረደ። «ሐጂ፣ ምንም አልሆነችም! ምንም!»